አባ ጃርት ያልፈረዱበት እንቁጣጣሽ

የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሆኜ ክፍል የገባሁበት ቅዳሜ፣ መምህራችን እያንዳንዳችን ተነሥተን ስማችንንና ከዚህ በፊት ስንሠራ የቆየነውን እንድንናገር አዘዙን። ልጆቹ "አሥራ ሁለተኛ ጨርሼ ነው" እያሉ ቶሎ ቶሎ ተቀመጡ። ተራው እኔ ዘንድ ሲደርስ ተነሣሁና "ይታይሽ እባላለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ገና መንፈቄ ነው። ሥራዬ የተመልካች እግር ማየት ነበር" አልኩ።

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። መምህሩ የራሳቸውን ሳቅ ዋጥ አድርገው "እስቲ ይህንን በጽሑፍ ያምጡልን፣ እናቴ" አሉኝ። ተማሪ የታዘዘውን ይሠራልና ይኸው ጽፌ አምጥቻለሁ። የቀለም ስሕተት ቢኖርበት እርማት እቀበላለሁ።

ሥራ የጀመርኩት አማኑኤል ከተማ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ በታይፕ ጸሐፊነት ነው። የመጀመሪያው አለቃዬ በአንድ ገጽ አንድ ፊደል ከተሳሳትኩ ወረቀቱን ለሁለት ቀደው ይመልሱልኝ ነበር። ያን ጊዜ አልቅሼባቸዋለሁ፤ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ። ኮምፒዩተር መጥቶ የታይፕ መኪናዎቹ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ሲገቡ እኛም የምንገባበት ጠፋን። በዝውውር ደብረ ማርቆስ መጣሁና የልጆች ካርቱን የሚሠራ አንድ ትንሽ ስቱዲዮ ውስጥ ተመደብኩ። ደመወዙ ያው ነበር፤ የዝውውር ወረቀቱ ግን ለመጠናቀቅ አንድ ክረምት ፈጀ።

ስቱዲዮው ለቴሌቪዥን በየሳምንቱ አሥራ አምስት ደቂቃ የሚሆን አንድ ካርቱን ይሠራል። ዋናው ሰው፣ ሰው ካልኳቸው፣ አባ ጃርት ናቸው። በዋርካ ሥር ተቀምጠው የአራዊትን ጠብ ይዳኛሉ። ነገሩ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ሁለት እንስሳት ተጣልተው ይመጣሉ፤ ሁለቱም ይናገራሉ፤ አባ ጃርት እንቆቅልሽ ይጠይቃሉ፤ አጥፊው በገዛ ምላሱ ይያዛል። ከዚያ አባ ጃርት እሾሃቸውን ያራግፋሉ፣ እንስሳቱ በሙሉ "ፍርድ ተፈረደ!" ብለው ይጮኻሉ፣ ዘፈን ይከተላል። በየቤቱ ያሉ ልጆችም አብረው ይጮኻሉ። እኔ የተቀጠርኩት ተመልካቾች የሚጽፉትንና የሚደውሉትን አስተያየት እንድመዘግብ ነበር። ቀላል ሥራ መስሎኝ ነበር።

ሥራውን ያስተማሩኝ ሰው ስም ነበራቸው፤ ግን ሁላችንም የኔታ ነበር የምንላቸው። በወጣትነታቸው የቆሎ ትምህርት ቤት መምህር ነበሩ፤ ኋላ ነው ወደ ስቱዲዮው የመጡት። የኔታ የደወለውን ብቻ አይመዘግቡም። በወር አንድ ጊዜ ገና ያልተላለፈ ካርቱን በኮምፒዩተር ይዘው ገጠር ይወርዳሉ፤ በትምህርት ቤት ክፍል መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፍነው፣ ግድግዳው ላይ በፕሮጀክተር ያሳያሉ። ሲሄዱ ሁልጊዜ የሚይዙት አንድ ዕቃ ነበር፤ ባለ ሦስት እግር ዱካ። ቁመቷ ከስንዝር ብዙም አትበልጥም።

"የኔታ፣ እዚያ አግዳሚ ወንበር ሞልቶ ይህን ለምን ይሸከማሉ?" አልኳቸው፣ መጀመሪያ አብሬያቸው በወጣሁ ጊዜ።

"ወንበር ላይ ከተቀመጥሽ ፊት ታያለሽ" አሉኝ። "ፊት ይዋሻል። የጎጃም ሰው ፊቱን ለእንግዳ አዘጋጅቶ ነው የሚቀመጠው። ዱካ ላይ ከተቀመጥሽ እግር ታያለሽ።"

ጀርባቸውን ለሥዕሉ፣ ፊታቸውን ለተመልካቹ ሰጥተው ተቀመጡ። እኔም ጎናቸው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። እውነትም የልጆቹ እግር አግዳሚው ላይ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። ጠቡ ሲጀመር ቀስ ይላል፤ እንቆቅልሹ ሲረዝም እንደገና ይወዛወዛል። የኔታ ደቂቃውን እያዩ ይጽፋሉ። ሁሉም እግር በአንድ ጊዜ ቀጥ ሲል "አየሽ? እዚህ ላይ ይዘናቸዋል" ይሉኛል በሹክሹክታ።

ሲያልቅ ደግሞ "ወደዳችሁት?" ብለው ጠይቀው አያውቁም። አንዱን ይጠሩና "ታሪኩን መልሰህ ንገረኝ" ይሉታል። ይህንን ያመጡት ከቆሎ ትምህርት ቤት ነው። "ተማሪን ገባህ ወይ ብትዪው፣ ገባኝ ይልሻል። መልሰህ በል ስትዪው ነው ጉዱ የሚወጣው" ይሉ ነበር። ወረቀታቸውን በመሥመር ለሁለት ይከፍላሉ፤ በቀኝ ሰውየው የዘለለውን፣ በግራ የጨመረውን ይጽፋሉ። የዘለለው ያልያዘው ነው። የጨመረው ግን፣ እኛ ያላልነውን ከራሱ አምጥቶ ያስገባው፣ ያ ልቡ የገባበት ቦታ ነው።

ይህ ሁሉ ገብቶኛል ብዬ ነበር። አለመግባቱን ያወቅሁት ቁይ የምትባል የገጠር ከተማ ላይ ነው።

በሁለተኛ ዓመቴ የኔታን ጉንፋን ጣላቸውና ብቻዬን ወደ ቁይ ተላክሁ። የያዝኩት ካርቱን የበሬና የገበሬ ጠብ ነበር። ገበሬዎች ከልጆቻቸው ጋር ክፍሉን ሞልተው ጠበቁኝ፤ ከፊት የተቀመጡት የአገሩ ሽማግሌ አያ ፈንቴ ነበሩ። እኔ አዲስ ነኝ፤ ደስ ልሰኝ፣ ደስም ላሰኝ እፈልጋለሁ። ዱካውን ከየኔታ ለመዋስ አፍሬ አልያዝኩትም። እንደ ክብር እንግዳ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ፤ ሲያልቅ "ወደዳችሁት?" ብዬ ጠየቅሁ።

"እንዴታ! እግዜር ይስጥልን፤ ግሩም ነው" አሉ አያ ፈንቴ። ሁሉም "ግሩም ነው፣ ግሩም ነው" ብለው አጨበጨቡ። እርጎ አምጥተው አጠጡኝ። ተመልሼ "ገበሬው በአንድ ድምፅ ወዶታል" ብዬ ጻፍኩ፤ ካርቱኑም ተላለፈ።

ሰኞ ስልኩ አላርፍ አለ። ለካ ገበሬያችን ሁለት እጁን እርፉ ላይ ጭኖ ነው የሚያርስ! ጅራፍ የለውም። በአገራችን አንድ እጅ እርፉን፣ አንድ እጅ ጅራፉን እንደሚይዝ የማያውቅ ልጅ እንኳ የለም። "ያ ገበሬያችሁ በሬዎቹን በምን ሊነዳቸው ነው? በፉጨት?" አለኝ አንዱ ደዋይ። ሌላው "ከየት አገር ነው የተዋሳችሁት? ሲጨርስ መልሱት እንጂ" አለኝ። ሥዕሉ ከሌላ አገር መጽሐፍ የተቀዳ ነበር። ከተማ ያደገ ሠዓሊ ሊሳሳት ይችላል፤ ያን ስሕተት ለመያዝ ነበር እኔ የተላክሁት። እኔም የአራሽ ልጅ ሆኜ፣ የሰውን ፊት ሳይ ሥዕሉን አላየሁትም። ሠዓሊው በዚያ ሳምንት ስሙ በከተማው መቀለጃ ሆነ፤ ብዙም ሳይቆይ ሥራውን ለቆ ሄደ። ይህንን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

የኔታ አልተቆጡኝም። ሪፖርቴን አንብበው መለሱልኝና "እነሱ ስለ እንግዳ ክብር ነው የተናገሩት። አንቺ ስለ ሥዕሉ መሰለሽ" አሉኝ። ከዓመታት በኋላ ጡረታ ወጥተው ወደ አገራቸው ወደ መርጡለ ማርያም ሲመለሱ ዱካዋን ጠረጴዛዬ ላይ ትተውልኝ ሄዱ።

ብዙ አለቆች መጡ፣ ሄዱ። የመጨረሻው አቶ ስማቸው ነበሩ። ደግ ሰው ናቸው፤ ግን ችኩል ናቸው። ተቀምጠው ሲነጋገሩ ቀኝ እግራቸው ከጠረጴዛው ሥር እንደ ስፌት መኪና ይመታል። በእሳቸው ጊዜ ነው እንግዲህ የእንቁጣጣሹ ልዩ ዝግጅት የመጣው።

ትርንጎ የምትባል ሠዓሊ ነበረችን። ስድስት ዓመት የአባ ጃርትን እሾህ አንድ በአንድ ስትስል የኖረች ልጅ ናት። አንድ ቀን "እትዬ ይታይሽ፣ አባ ጃርት ተሳስተው አያውቁም እንዴ?" አለችኝ።

"ኧረ እንጃ፤ እስካሁን አልሳልሻቸውም" አልኳት።

ያንን ይዛ ዓመት ሙሉ ሠራች። የበዓል ዝግጅት ስለሆነ አርባ ደቂቃ ተሰጣት። በታሪኩ አባ ጃርት የእንቁጣጣሽ ዕለት ዋርካቸውን ትተው፣ አደይ አበባ ይዘው፣ ብቻቸውን መንገድ ይጀምራሉ። ድሮ ቆቅ ላይ በሐሰት ፈርደውባት አገር ጥላ ተሰድዳለች። ጎጆዋን አግኝተው ደጇ ላይ ይቆማሉ፤ አንድም ቃል አይናገሩም። ቆቋም አትናገርም። ረጅም ጊዜ ካየቻቸው በኋላ ጫጩቶቿን ጠጋ አድርጋ ከጎጆዋ ጥላ ሥር ቦታ ትለቅላቸዋለች። አለቀ። እንቆቅልሽ የለም፣ "ፍርድ ተፈረደ" የለም፣ ዘፈን የለም።

ይህንኑ ዝግጅት አስቀድሞ ገጠር ወስዶ ለማሳየት ጊዜ አልተገኘም፤ በዓሉ ደረሰና ተላለፈ። ስልኩም ጀመረ።

"አባ ጃርት ጥፋተኛ! ልጄ 'አባዬ አንተም ትሳሳታለህ ወይ?' ብላ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት?" አለ አንድ አባት።

አንዲት እናት "የጎረቤት ልጅ ሁሉ ሰብስቤ፣ 'ፍርድ ተፈረደ' ልንል አፋችንን ከፍተን ስንጠብቅ ጸጥ አለ። ቴሌቪዥኑ ተበላሸ ብዬ በጥፊ መታሁት" አለችኝ። አንድ ሕፃን "ዘፈኑን ረስታችኋል" ብሎ ዘጋው። አንድ ቄስ ብቻ ወደዱት፤ "ንስሐ ምን እንደሆነ ለልጆቹ ሳስረዳ ዓመት ፈጅቶብኝ ነበር። ግን እባክሽ፣ ቆቋ ማረቻቸው ወይስ አልማረቻቸውም? ከዲያቆኑ ጋር ተኳርፈናል" አሉኝ። በኢንተርኔት የተጻፈው ደግሞ ወይ ስድብ ነው፣ ወይ የልብ ምልክት ነው፤ ከዚያ ምንም አይጨበጥም።

ዐርብ ዕለት አቶ ስማቸው ጠሩኝ። እግራቸው ይመታል።

"እትዬ፣ አንድ ገጽ ይበቃኛል። ወደዱት ወይስ ጠሉት? ትርንጎ ጎን ለጎን የጀመረችው ሁለተኛው ልዩ ዝግጅት ግማሹ ተስሏል። ከጠሉት ከአሁኑ አቁመን ወደ ለመድነው እንመለስ። ረቡዕ እወስናለሁ።"

"ትርንጎስ?"

"ትርንጎማ የድሮ ሥራዋ አለላት። እሾህ ትስላለች።"

እኔ ጡረታ ልወጣ ጥቂት ወራት ቀርተውኛል። አለቃን ደስ አሰኝቶ መውጣት ደስ ይላል። ኮምፒዩተሬን ከፍቼ "ከደወሉት አብዛኞቹ አልወደዱትም" ብዬ ጻፍኩ። ውሸት አልነበረም። ትርንጎ በሩ ላይ መጥታ ቆመች። ሪፖርቱን ልይ አላለችኝም፤ "እትዬ፣ እሾህ ለመሳል ከሆነ እኔ አልቆይም። ቀድሜ ልንገርዎት ብዬ ነው" ብላኝ ሄደች። ያ የእርሻው ሠዓሊ ትዝ አለኝ። ሁለተኛ ሠዓሊ በእኔ ወረቀት ሊሄድ ነው።

ለየኔታ ደወልኩ። ነገሩን ሁሉ እስክጨርስ ሰሙኝና "እግራቸውን አየሽ?" አሉኝ።

"በስልክ እግር እንዴት ይታያል፣ የኔታ?"

"እንግዲያው ምን አውቀሽ ነው የምትጽፊ? ዱካሽን ይዘሽ ሂጂ እንጂ።"

ሰኞ ቁይ ነበርኩ። ሌላ ቦታ መሄድ እችል ነበር፤ ግን እዚያ ዕዳ እንዳለብኝ ይሰማኝ ነበር። ክረምቱ ገና አልወጣም፤ ጭቃው ጫማዬን አስቀረው። ክፍሉ ሞላ። በዓሉ ላይ መብራት ጠፍቶባቸው አብዛኞቹ ዝግጅቱን አላዩትም ነበር። አያ ፈንቴ አርጅተው፣ በምርኩዝ መጥተው፣ እንደ ድሮው ከፊት ተቀመጡ። ወንበር ሲያቀርቡልኝ "አይ፣ ይህቺ ትበቃኛለች" ብዬ ዱካዬ ላይ ቁጭ አልኩ።

"ምነው እታለም፣ ደብረ ማርቆስ ወንበር አለቀ?" አሉኝ አያ ፈንቴ፤ ክፍሉ ሳቀ።

ካርቱኑ ተጀመረ። የልጆቹ እግር እየተወዛወዘ ነው። አባ ጃርት ዋርካውን ትተው ሲነሡ "የት ሊሄዱ ነው?" የሚል ሹክሹክታ ተሰማ። መንገዱ ሲረዝም እግሩ በሙሉ ተወዛወዘ፤ ይህንንም ጻፍኩ፤ ትርንጎ መንገዱን አርዝማዋለች። አባ ጃርት ደጁ ላይ ሲቆሙ ግን አንድ እግር ቀጥ አለ፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሁሉም። የአያ ፈንቴ ምርኩዝ መሬቱን መምታት አቆመ። ሲያልቅ ጭብጨባ የለም። ወንበር ላይ ብሆን ኖሮ፣ ፊታቸውን ብቻ አይቼ፣ "አልወደዱትም" ብዬ እጽፍ ነበር።

አያ ፈንቴ ቀድመው "ግሩም ነው፣ እግዜር ይስጥልን" አሉ።

"አያ ፈንቴ፣ ያን ጊዜም እንደዚሁ ብለውኝ ነበር" አልኳቸው። "ያ ባለ ሁለት እጁ ገበሬ ሲመጣ።"

ሳቃቸው ፈንድቶ መጣ። "አይ እታለም! እሱንማ አይተን ማታ በየቤታችን ስንስቅ አመሸን። ግን ከሩቅ የመጣ እንግዳን ምን ይሉታል?"

"ዛሬ እንግዳ አይደለሁም። ታሪኩን መልሰው ይንገሩኝ።"

ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተኝተው ጀመሩ። ዋርካውን ተናገሩ፤ መንገዱን ዘለሉት። ጎጆው ደጅ ሲደርሱ ድምፃቸው ወረደ። "ከዚያማ አባ ጃርት፣ 'ቆቂት፣ የዚያን ዕለት ቃልሽን ሳልሰማ ነው የፈረድኩብሽ። ዝናብ መጣብኝ፤ ወደ ቤቴ ቸኮልኩ' አሏት። 'ፊርማውንም ያስፈረምኩት ቆሜ ነው' አሏት። እሷም ይህንን ስትሰማ ነው ቦታ የለቀቀችላቸው።"

እጄ ወረቀቱ ላይ ቆመ። በካርቱኑ ውስጥ አባ ጃርት አንድም ቃል አይናገሩም። ዝናብ የለም። ጃርት ደግሞ ፊርማ አያስፈርምም። አያ ፈንቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ የመሬት ወሰን ሲያስታርቁ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ማንን፣ የት፣ መቼ ብዬ አልጠየቅኋቸውም። በግራ በኩል፣ በጨመሩት ሥር፣ ቃል በቃል ጻፍኩት።

ከዚያ ልጆቹን አስተረክኋቸው። አንዷ ቆቋ ይቅር ብላቸዋለች አለች፤ ሌላው "ጭራሽ! ዝም ያለችው አኩርፋ ነው" አላት። መኪና መንገዱ ድረስ እየተጨቃጨቁ ሸኙኝ።

ረቡዕ አቶ ስማቸው ዘንድ ይዤ የገባሁት አንድ ገጽ አልነበረም። እግራቸው እየመታ አገላበጡት።

"እትዬ ይታይሽ! እኔ ወደዱት ወይስ ጠሉት ነው ያልኩዎት።"

"የደወሉት አብዛኞቹ ተቆጥተዋል፤ እውነት አላቸው። ልጆቹን ለዘፈን አዘጋጅተን ዝምታ ሰጠናቸው፤ አስቀድመን መንገር ነበረብን። መንገዱም ረዝሟል። ግን ከመወሰንዎ በፊት አንድ ገጽ ላንብብልዎት።"

"ቶሎ ይበሉ እሺ።"

የአያ ፈንቴን አነበብኩ። ስማቸውን አልጠራሁም፤ "አንድ ሽማግሌ" ብቻ አልኩ። "ዝናብ መጣብኝ፤ ወደ ቤቴ ቸኮልኩ" የሚለው ላይ ስደርስ ወደ ጠረጴዛው ሥር ዐይኔን ጣል አደረግሁ። ከልምድ የተነሣ ነው።

የአቶ ስማቸው እግር ቆሟል።

አንብቤ ስጨርስ "ይህ ቃል በካርቱኑ ውስጥ አለ እንዴ?" አሉኝ።

"የለም። እሳቸው ናቸው የጨመሩት።"

ወረቀቱን ከእጄ ተቀብለው ራሳቸው እንደገና አነበቡት። ከዚያ "ትርንጎን ጥሪልኝ" አሉ፤ ወዲያው አፍረው "ይጥሩልኝ" ብለው አረሙ። ተወሰነ፤ የሳምንቱ ካርቱን ከነዘፈኑ ይቀጥላል፤ ልዩ ዝግጅቱም በበዓል በበዓል ይመጣል፣ ከሳምንት በፊት እየተነገረ። ትርንጎ አላመሰገነችኝም፤ "መንገዱ በእውነት ረዝሟል?" ብላ ነው የተቆጣችኝ። እኔም ደስ አለኝ።

ሁለተኛው ዝግጅት ሲተላለፍ እኔ ጡረታ ወጥቼ፣ እዚህ ከእናንተ ጋር ነበርኩ። ባለፈው እሑድ በምሳ ሰዓት ከጎኔ የምትቀመጠው ህሊና ስልኳን አውጥታ "እማማ፣ አባ ጃርትን እኮ እያየሁ ነው ያደግሁት፤ ኑ አብረን እንይ" አለችኝ። በግቢው ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ትንሽ ግራ ገባኝ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ጀርባዬን ሰጥቼው የኖርኩትን ካርቱን አሁን ከፊቱ ሆኜ ማየቴ ነው። ትርንጎ ቀለሟን እንዲህ እንደምታሳምረው አላውቅም ነበር። በዚህኛው ቆቋ ወደ ዋርካው ትመለሳለች። መንገዱ አጭር ነው።

ሲያልቅ ህሊና "እማማ፣ ወደዱት?" አለችኝ።

"ቆይ ከመጀመሪያው ልንገርሽ" አልኳትና ጀመርኩ። "ቆቋ ጠዋት ተነሣች። ጫጩቶቿን ሰበሰበች። ዱካዋን በክንፏ ሥር ያዘችና ወደ ዋርካው..."

"እንዴ እማማ!" ብላ አቋረጠችኝ እየሳቀች። "ቆቋ እኮ ምንም ዱካ አልያዘችም!"